አንድ በሽታ፣ ሁለት ደም

ፈርሂያ ከሞተች በኋላም ዓይኖቿ አልከደን አሉ። አጣቢዎቹ ሴቶች ደጋግመው ቢጨፍኗቸውም ቀስ ብለው ይገለጡ ነበር፤ ነጩ ክፍል እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ታላቅ እህቷ ሀዲያ በሩን ተደግፋ ትጮኻለች።

«ፖሊስ ሳያያት አትቀበርም! ባሏ ነው የመረዛት!»

ኢንስፔክተር አሰጋሽ የመካነ ሰላምን የነሐሴ ጉም ሰንጥቃ መጣች። አስከሬኑን አይታ ባልየውን፣ ሱፍያንን፣ ወደ ጓሮ ጠራችው።

«ኤች አይ ቪ በሁለታችሁም ደም ውስጥ አለ አሉ።»

«አዎ። ከጅዳ ስንመለስ ነው ያወቅነው። መድኃኒቱንም አብረን ጀመርን።»

«ገበታችሁ አንድ፣ በሽታችሁ አንድ። እሷ ሞተች፤ አንተ ደህና ነህ።»

ሱፍያን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ወላሂ፣ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። እስከ መጨረሻዋ ማታ ኪኒኗን በእጄ አጉርሻታለሁ።»

እናቱ እቴቴ ራሕማ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ምግቧን የማበስል እኔ ነኝ፣ ልጄ። የተረፋትንም የምበላ እኔው ነኝ።»

ሀዲያ እህቷን ልታስታምም ከወረኢሉ መጥታ እዚያው ከርማለች።

«እናታችንም በወፍ በሽታ እንዲህ ቢጫ ሆና ነው የሞተች» አለች። «የፈርሂያም ዓይን ኪኒን ስትጀምር ነው መልኩን የለወጠው። ግን ኪኒኑ ከቀረ በኋላ ጭራሽ ባሰባት። ታዲያ መርዝ ካልሆነ ምንድን ነው?»

አሰጋሽ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁለት የኪኒን ብልቃጦች አንሥታ ሟቿን ያክማት ወደነበረው ወደ ዶክተር በፍቃዱ ሄደች። ስትመለስ ዶክተሩም አብሯት ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «ምግቧን እቴቴም በልተዋል። ዶክተር፣ ሱፍያን እንዴት ተረፈ?»

«ከኤች አይ ቪው ሌላ የጉበት ቫይረስ ሁለቱንም ይዟቸው ነበር» አለ ዶክተሩ። «የእሱ ሰውነት ጠርጎ አወጣው፤ የእሷ አልቻለም። ሰው ከወላጁ መልክ እንደሚወርስ በሽታን የመቋቋም አቅምም ይወርሳል። የእናቷ አሟሟትም ይህንኑ ያስጠረጥራል። ቢሆንም የኤች አይ ቪው ኪኒን የጉበቱንም ቫይረስ አፍኖ ይዞላት ነበር፤ ስትጀምረው ዓይኗ ቢጫ ያለው ሰውነቷ በርትቶ ቫይረሱን መዋጋት ስለጀመረ ነው። ድንገት ሲቋረጥ ተነሣባት።»

«መች ተቋረጠ!» ሱፍያን ብድግ አለ።

«ያጎረስካት የራስ ምታት ኪኒን ነው» አለች አሰጋሽ። «ያንተ ብልቃጥ አልተነካም፤ የእሷ ተቀይሯል። አንተም እሷም መድኃኒቱን የምትወስድ ነበር የመሰላችሁ። ቀርቷል ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሀዲያ ዞረች። «‹ኪኒኑ ከቀረ በኋላ ባሰባት› አልሽኝ። መቅረቱን በምን አወቅሽ?»



«እናቴን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አለች ሀዲያ። «ያ ቢጫ ዓይን ከዚያ ወዲህ ከእንቅልፌ ያባንነኛል። በፈርሂያም ሳየው ኪኒኑ ሊገድላት መሰለኝ። ላድናት ነበር የቀየርኩት፤ ባይሆንላት ምግቧን ጠረጠርኩ... ዶክተር፣ ባልነካው ትኖር ነበር?»

ዶክተሩ መሬት መሬቱን አየ። «ትኖር ነበር ብዬ አስባለሁ።»

ሀዲያ ሁለት እጆቿን ለካቴና ዘረጋች። አሰጋሽ ግን አላሰረቻትም።

«ከቀብር መልስ ጣቢያ እንሄዳለን። አስቀድመሽ ግን ሐኪም ቤት ለጉበቱ ቫይረስ ደምሽን ትመረመሪያለሽ። አንቺም የእናትሽ ልጅ ነሽ።»

 ጧት በገዳይነት የከሰሰችው ሱፍያን ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለ። «ውጤት ብቻን አይጠበቅም።»