የእንገር ሳምንት

የመቶ አለቃ በንቲ ሬሳውን ሲያይ ምንም አልተሰማውም። በየመንገዱ ዳር የወጣት አስከሬን ባየባቸው የአብዮቱ ዓመታት ልቡ ደንዝዞ ቀርቷል። አሁን በ1977 ዓ.ም. የሚሠራለት ዓይኑ ብቻ ነው።

ሟቹ ወጋየሁ፣ ከፉሪ ወዲህ ባለው የወተት መረከቢያ ጣቢያ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ጣሳ በሚቀዘቅዝበት ገንዳ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የሚዛን ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ጎኑ ላይ አንድ ጮጮ፣ ገበሬ ወተት የሚይዝበት የስፌት ዕቃ፣ ተጋድሟል፤ ግማሹ ወተት ሲሚንቶው ላይ ፈስሶ ግማሹ ውስጡ ቀርቷል።

ገዳዩ ግን ተይዟል ተብሏል። ደገፋ የሚባል፣ ከአንዲት ላም በቀር ሌላ የሌለው ገበሬ፣ ግቢው ውስጥ የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል።

«ምርመራ ምን ያደርጋል ጓድ መቶ አለቃ?» አለ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ አባይነህ፤ ከከተማ የተሾመ ካድሬ ነው። «ሰውየው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ እናስረክበዋለን።»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው በንቲ አያውቅም። ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ከሩብ ይላል።

«ምን አዩ?»

«ጎህ ሲቀድ ጮጮውን ሞልቶ ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ወጋየሁ ‹ውሃ አለው› ብሎ ሲመልስበት መታው። ትናንትም በስብሰባ ላይ ኮሌታውን ይዞት ነበር።»

መመሪያው ጥሬ ወተት በየቤቱ አዙሮ መሸጥን ከልክሏል። ገበሬው የላሙን ወተት ለጣቢያው ብቻ፣ ጣቢያው በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ለሕዝብ ጤና ነው ተብሏል፤ ሕዝቡ ግን ወተቱን ካየ ቆይቷል።

በንቲ ደገፋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጮጮው ያንተ ነው?»

«የሚስቴ የገዲሴ ነው፣ ጌታዬ። ላፍቶ ላይ ስትሸጥ ነጥቀዋት መጋዘን ካስገቡት አራት ወሩ።»

«መልሼለታለሁ!» አለ አባይነህ ከበሩ ላይ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ እያንቃጨለ።

«ወጋየሁንስ ለምን ኮሌታውን ያዝከው?»

«ደብቀህ ትሸጣለህ ተባልኩ። ላሜ ነጥፋ ከርማለች፤ የወለደችው ገና ከትናንት ወዲያ ነው። ያላት የአራስ እንገር ነው፤ ሳምንት ታገሡኝ አልኩ። ወጋየሁ ይህን ያውቃል፤ ግን ዝም አለ። ዝምታው አበሸቀኝ እንጂ እኔ ሰው አልገድልም።»

የሚዛን ሠራተኛዋ ጸሐይወርቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«ላሟ መውለዷን ያውቁ ነበር፣ እመቤት?»

«እንዴት አላውቅም! ገዲሴ በሳህን እንገር ልካልኝ ልጆቼ ተሻምተው በሉት። ጎረቤቱ ሁሉ ቀምሷል።»

«ጓድ አባይነህስ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሳቸው ደጅ ማን ሳህን ይዞ ይሄዳል? ትናንት ደገፋ ሲናገር ‹ወተት ወተት ነው፣ ሰበብ አታብዛ› ብለው አስቀመጡት።»

የወተት መኪናው ሾፌር አብዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ብስራተ ገብርኤል፣ ጎማ ስቀይር። ሁለት ዘበኞች እያዩ ሲስቁብኝ ነበር፤ ጠይቃቸው። እኔ ወተት እንጂ ነፍስ አልጭንም፣ መቶ አለቃ።»

«የተወረሰውንም ወተት ትጭናለህ?»

የአብዶ ፈገግታ ጠፋ። «መመሪያው ይደፋ ነው የሚለው።»

«መመሪያውን አልጠየቅኩህም።»

«አዛዥ አለብኝ» አለ ሾፌሩ። «አንድ ቡና ቤት አለ። ጓድ አባይነህ ወተቱን እዚያ ውሰድ ይሉኛል፤ እወስዳለሁ። ወጋየሁ ትናንት ደረሰበት። ‹ነገ አመለክታለሁ› ብሎኝ ነበር፤ ለሳቸውም ነግሯቸዋል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በንቲ ሁሉንም ሚዛኑ ክፍል ሰበሰበ። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ሞልቱ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። በንቲ እንዳዘዘው የደገፋ ሚስት ገዲሴ ላሟን አልባ፣ ወተቱን በጣሳ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ቡታጋዝ ተለኩሷል።

በንቲ መጀመሪያ የጮጮውን ወተት ድስት ውስጥ አፍስሶ ጣደ። ሞቀ፤ ፈላ፤ ገነፈለ። ደፍቶት ድስቱን አጠበና ገዲሴ ያመጣችውን ጣደ። ገና ሳይፈላ ተጓጉሎ እንደ እንቁላል ጠጠረ።

«ከብት ያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል» አለ። «የወለደች ላም እንገር እሳት ሲነካው ይረጋል። ለቤተሰብና ለጎረቤት ይበላል እንጂ ማንም ለሽያጭ አያወጣውም። ጮጮው ውስጥ ያለው ግን የደገፋ ላም ወተት አይደለም።»

«ከሰው ተበድሮ ይሆናላ!» አለ አባይነህ።

«የራሱ ላም ያልሰጠችውን ወተት፣ ያውም ለእርስዎ ለማስረከብ ይበደራል? ትናንት ወተት የለኝም እያለ ሲጮህ የነበረ ሰው?»

አባይነህ ዓይኑን ወደ በሩ ሰደደ።

«ስለዚህ ወተቱን የሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ከጣቢያው ጣሳ ቀድቶ። ጸሐይወርቅ ብትሆን እንገሩ ቤቷ ደርሷልና ይህን አትሳሳትም። አብዶን ዘበኞቹ አይተውታል፤ አጣርቻለሁ። ጮጮው የነበረበት መጋዘን ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደገፋ ወተት ሞልቶ ሲገባ አየሁ ያሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያልነበረ ወተት።»

«እኔ... ወተት ወተት ነው...»

«ትናንት ነግሮዎት ነበር። ገበሬ እውነት ይናገራል ብለው ስላላሰቡ አልሰሙትም። ወጋየሁ ቡና ቤቱን ሲያነሳብዎት ሰሙት፤ ገደሉት።»

ሞልቱ ወደ አባይነህ ተጠጋ።

«ሽጉጡን፣ ጓድ።»

መኪናው በሰዓቱ ደረሰ። የወሰደውም አባይነህን ነው። ማንም አልተደሰተም፤ ጸሐይወርቅ ሲሚንቶውን ልታጥብ ባልዲ አነሳች።

ደገፋ ተፈትቶ የደነዘዘ አንጓውን እያሻሸ ለረጅም ጊዜ ቆመ። አላመሰገነም።

«ከሳምንት በኋላ ወተቱን የት ልውሰደው፣ ጌታዬ?»

«ወደዚሁ ነው» አለ በንቲ። «መመሪያው አልተሻረም።»

ደገፋ ራሱን ነቀነቀ፤ ሚስቱን አስቀድሞ ወጣ።