ገመድ የጠቀለለው ሌባ

ከመደርደሪያው ላይ የጠፋችው ሳጥን ከእጅ መዳፍ አትበልጥም።

አጠገቧ የነበረው ኮምፒውተር አለ። የብር ሰዓቱም ከኮምፒውተሩ ጎን እንደተቀመጠ አለ። ከላይ ያለው ከባድ ጥቁር ሳጥን፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ውዱ፣ ንቅንቅ አላለም። ሌባው ይህን ሁሉ አልፎ ርካሿን መርጦ ወሰደ።

ይህን ያየ ሰው «ለምን?» ማለት ነበረበት። ማንም አላለም። «ማን?» አሉ እንጂ፤ መልሱንም ለማግኘት ከወንበራቸው መነሣት አላስፈለጋቸውም። የቤት ሠራተኛዋ!

ዐሥራ አራት ዓመት አጽድታዋለች ያንን ቤት። የባለቤቱን ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕመሟ ጊዜ አቅፋ ያጠበቻት እሷ ናት። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ግን በፖሊስ ታጅባ ወጣች። ጎረቤት በየበሩ ቆሞ አየ። ወደ ማምሻው ላይ በዋስ ተለቀቀች፤ እስከዚያ ወሬው ቀድሟት ነበር። ተመላልሳ የምትሠራባቸው ሌሎች ሁለት ቤቶች «ለጊዜው አትምጪ» ብለው ላኩባት። ለአንዲት ትንሽ ሳጥን ሲባል የሰው ስም እንዲህ በግማሽ ቀን ይጠፋል።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣች። ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። መዝገቡ ቀትር ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ሠራተኛዋ በሌብነት ትከሰሳለች።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ወንዶች ተቀምጠዋል። አንዱ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት አራሚ፣ አርባ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ። ሁለተኛው የሴት ልጁ ባል። ሦስተኛው የሙዚቃ ወዳጁ፣ የድምፅ ዕቃ ነጋዴው፤ «የትኛው ዕቃ እንደሚሻል በጆሮዬ ብቻ አውቃለሁ» ስለሚል ሰፈሩ «ጆሮው» ብሎታል። ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ባዶ ወንበር አለ። ተቀመጪ ያላት የለም።

«የጠፋችው ሳጥን ምን ትሠራለች?» አለች መርማሪዋ።

«ዳክ ነው የምንላት» አለ አራሚው። «ኮምፒውተር ሙዚቃን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። እሷ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ትቀይራለች። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ ያወጣዋል።»

«ያለ እሷስ አይሰማም?»

«ይሰማል፤ ግን እዝዝዝ ይላል። ምን ልበልሽ፣ ንብ ቀፎ ውስጥ ሆነሽ እንደማዳመጥ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለቤቴ ስትዘፍን አንዴ በቴፕ ተቀድታ ነበር። ልጄ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችልኝ። የቀረኝ ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ጥርት ብላ እንድትሰማኝ ብዬ አቅሜ የሚችለውን ዳክ ስመርጥ ሦስት ወር ከረምኩ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዷ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የገዛኋት ትንሿ። ሁለተኛው ይሄ ከባዱ፤ ጆሮው ለሙከራ አውሶኝ ነው። ዛሬ ከሰዓት ወዳጆቻችን ባሉበት በጨርቅ ሸፍነን ልናወዳድራቸው ነበር። የባለቤቴን ቅጂ ግን ለአሸናፊዋ ብዬ በሁለቱም ገና አልሰማሁትም።»

«ምን ውድድር አስፈለገ፣ ጋሼ?» አለ ጆሮው። «የእኔ በእጅ የተሠራ ነው። አራቱ ወዳጆቻችን ከእኔ ገዝተው የለም እንዴ? አንሥተው ይመዝኑት እስቲ! ያቺ እኮ የልጅ መጫወቻ ናት።»

የልጁ ባል ሰዓቱን አየ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ትናንት ጠዋት አባባ ፀጉር ቤት ነበሩ። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ቁልፍ ያላትም እሷ ናት።»

«አንተስ ቁልፍ የለህም?»

«እኔ? አለኝ… ግን እኔ ቢሮ ነበርኩ!»

«ለዚህ ዕቃ የሚወጣው ወጪ ያናድድህ ነበር ይባላል።»

«በስልክ ይስሙ ነው ያልኩት! ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ሳይጣራ ሰው ማሳሰር ግን ያስነውራል» አለችና ወደ በሩ ዞረች። «እህቴ፣ ትናንት ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ጓሮ፣ ልብስ ሳሰጣ። የፊት በር አልተቆለፈም ነበር።»

«የሰማሽው ድምፅ አለ?»

«ምንም። ኮሽ አላለም።»

«ሳጥኗን ነክተሻት ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ ሽቦ ያለበትን ዕቃ እንዳትነኪ ብለውኛል። ዙሪያውን ነው የምወለውለው።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከፍርሃት ግን አልነበረም። «መስረቅ ካማረኝ ሰዓቱን አላነሣም ነበር? እትዬ ሲሞቱ የጣታቸውን ቀለበት አውልቄ በጋሼ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም?»

አራሚው መሬት መሬት አየ።

መርማሪዋ መደርደሪያው ፊት ተንበረከከች። ከትናንት ወዲህ ማንም አልነካውም። ከትንሿ ሳጥን የተነቀሉት ገመዶች ክብ ሆነው ተጠቅልለዋል፤ መሐላቸው በትንሽ ጥቁር ማሰሪያ ታስሯል። የአምፕሊፋየሩ የድምፅ ማስተካከያ ዜሮ ላይ ነው። መብራቱ ጠፍቷል።

«አባት፣ አምፕሊፋየሩን ማን አጠፋው?»

«እኔ አላጠፋሁትም። ወጣ ስል በርቶ ነው የተውኩት፤ መክፈት መዝጋቱን ስለማልወደው ሁልጊዜ…» አቋረጠ። አርባ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረው ሰው፣ ዐይኑ ሥር ያለውን አላየም ነበር።

«ገመዱንስ እርስዎ ጠቀለሉት?»

«እኔ እንዲህ አድርጌ መጠቅለል አላውቅም።»

መርማሪዋ ተነሣች። «እንግዲያው ያንን ከባዱን ሳጥን በትንሿ ቦታ ያገናኙልኝ። አምፕሊፋየሩን ያብሩት፤ ድምፁን እንደ ወትሮው ያድርጉት። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ሳጥኑን ትነቅሉልኛላችሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

መጀመሪያ የልጁ ባል ሄደ። ገመዱን ይዞ ላጥ አደረገው።

ዷ! ስፒከሮቹ ፈነዱ፤ ከዚያም ቤቱን የሚያናውጥ ጉርምርምታ ቀጠለ።

«ኧረ ስፒከሩን ገደልከው!» ብሎ ጆሮው ከወንበሩ ዘለለ። «አንተ ሰው፣ አታዝንም?»

አራሚው መልሶ አገናኘ። ሠራተኛዋ ተራዋ ሲደርስ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ተከልክያለሁ።»

«ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ» አለ አራሚው።

በሁለት ጣት ገመዱን ሳብ አደረገችው። ዷ! ሠራተኛዋ በርግጋ ወደ በሩ ሸሸች። ጆሮው ጆሮውን ይዞ አቃሰተ።

«አንተ ደግሞ አሳየን» አለችው መርማሪዋ።

ጆሮው እጅጌውን ሰበሰበ፤ ደስ ብሎታል። ማስተካከያውን ቀስ አድርጎ ዜሮ ላይ አወረደ። አምፕሊፋየሩን አጠፋ። መብራቱ እስኪከስም ጠበቀ። ገመዶቹን አንድ በአንድ፣ ከራሳቸው ይዞ ነቀለ። እያገላበጠ ክብ አድርጎ ጠቀለላቸው፤ ከኪሱ ትንሽ ጥቁር ማሰሪያ አውጥቶ አሰራቸው። ኮሽ ያለ ነገር የለም።

«እንዲህ ነው እንጂ የሚነቀለው!» አለ ወደ ሁሉም እየዞረ።

መርማሪዋ ጥቅሉን ተቀበለችው፤ ከትናንቱ ጥቅል ጎን አስቀመጠችው። ሁለቱ ጥቅሎች አንድ ናቸው፤ ማሰሪያቸው ሳይቀር።

ጆሮው የገባው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ» አለች መርማሪዋ። «ገመዱን መንጠቅ አቃተህ፤ ልማድህ አልፈቀደልህም። ለዚህ ነው ጓሮ ያለችው ሴት ምንም ያልሰማችው።»

«ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው!»

«እዚህ ቤት ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔ ያቺን መናኛ ምን አደርጋታለሁ? ከእሷ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አለኝ!»

አራሚው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ሐሙስ ደውዬልህ ነበር» አለ። «የሁለቱን ድምፅ በመለኪያ እኩል አደርጋለሁ አልኩህ። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል። አንተም ዝም አልክ። ሱቅህ ውስጥ ስታወዳድርልን ግን ማስተካከያው ላይ እጅህ ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል አሁን ገባኝ።» ከመሳቢያው ጠመንጃ መፍቻ አወጣ።

«እንዳይከፍቱት ጋሼ! ዋስትናው ይሰረዛል!»

«ይሰረዛ!»

አራት ብሎን ነው። ክዳኑ ተነሣ። ውስጡ በሙጫ የተለጠፈ ድፍን የብረት ጡብ አለ፤ ክብደቱ ሁሉ እሱ ነበር። ጥግ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተጣብቃለች። አራሚው ማጉያ መነጽሩን አድርጎ የሰሌዳዋን ጥቃቅን ፊደላት አነበበ፤ ከዚያ የትንሿን ሳጥን ካርቶን አምጥቶ በላዩ የታተመውን አነበበ። ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር። የሠሪው ምልክት በምላጭ ተፍቋል፤ ግማሹ ግን ቀርቷል።

«አንድ ናቸው» አለ። «ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት እየገዛህ፣ አንጀቷን አውጥተህ፣ ብረት ለጥፈህባት፣ በእጅ ተሠራ እያልክ ለጡረተኞች ትሸጣለህ! ዛሬ ሁለቱ እኩል ሲሰሙ አራቱም ገዢዎችህ ሊጠይቁህ ነበር!»

ጆሮው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ለጥቂት ቀን ልደብቃት ነበር… አልጎዳኋትም፤ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኳት። ዕቃ እንዴት ይሰበራል?»

መርማሪዋ ደሟ ፈላ። «ዕቃ እንዴት ይሰበራል! ትናንት እሷን ሲወስዱ አንተ የት ነበርክ?»

ጆሮው ዐይኑን ከሠራተኛዋ አሸሸ።

«እዚሁ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለች ሠራተኛዋ። «"ጊዜው ከፍቷል፣ ሰው አይታመንም" እያለ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው! ስፒከር ዷ ሲል ከወንበሩ ይዘላል፤ ያልሰረቀች ሴት በፖሊስ ስትወሰድ ግን ጎረቤት መሐል ቆሞ ያያል። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ነጋዴውን ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንሿ ሳጥን ተመለሰች፤ ጭረት እንኳ የለባትም። የልጁ ባል ሥራ አለኝ ብሎ ሹልክ አለ። ይቅርታ ሳይል።

መርማሪዋ አራሚውን አየችው። «ዕቃው የእርስዎ መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ። ይሞክሯት።»

አራሚው ሳጥኗን አገናኘ። የባለቤቱን ቅጂ ከፈተ። ሠራተኛዋ አሁንም በሩ ጋ ቆማለች፤ ለመሄድ።

ያ እዝዝታ የለም። ጸጥታ፤ ከዚያ የሟች ሚስቱ ትንፋሽ፤ ከዚያ ድምፅዋ፦

«እህት ዓለም፣ ደግሞ ቆመሽ? ነይ ተቀመጪና ስሚኝ። ቆሞ የሚሰማ ሰው ያጣድፈኛል።»

ሌላ ድምፅ፣ ወጣት፣ እያፈረ፦ «እሺ፣ እትዬ።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ዘፈኑ ጀመረ።

አራሚው ይህን ቅጂ ያለ ዳክ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። እነዚህ ቃላት በጩኸቱ ውስጥ ተውጠው ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች እንደነበሩ አንድም ቀን አልሰማም። ባዶውን ወንበር ጎትቶ ሠራተኛዋ ፊት አቆመው። «ተቀመጪ፤ ይቅር በዪኝ» አለ፤ ዕንባው ይወርድ ነበር።

«ዐሥራ አራት ዓመት ነው፣ ጋሼ» አለች። «ትናንት "ተዉ፣ እሷ አታደርገውም" ቢሉ ይበቃኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ።»

አልተቀመጠችም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው። ሲያልቅ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች፤ የብር ሰዓቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ሁለቱ ቤቶች ድረስ ሄደው እርስዎ ራስዎ ይንገሩልኝ» አለች። «በስልክ አይደለም። በእግርዎ። እኔን ሲወስዱኝ ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ አይቷል፤ እርስዎንም ሲሄዱ ይመልከት።»

አራሚው አምፕሊፋየሩን ሳያጠፋ ኮቱን አንሥቶ ከኋላዋ ወጣ።