ሐኪምህ አይደለሁም

ፀጉር አስተካካዩ ጥርሱን በቦረሸ ቁጥር ድዱ መድማት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ታላቅ እህቱ «ዛሬ ካልሄድክ ጎትቼ ነው የምወስድህ!» ባትለው ኖሮ የጥርስ ክሊኒኩን ደጃፍም አይረግጥም ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አፉን ከፍቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ «የሚፈሩት እኔን ነው ወይስ መሣሪያውን?» አለችው።

አፉ ውስጥ የመመርመሪያ መስታወት ስላለ «ኧኧ» ብቻ አለ።

«ገባኝ፤ ሁለታችንንም።»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ጽዳቱ ሲያልቅ ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ። በዚያ ሙቀት የጨርቅ ጓንት አድርጓል።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

ቀስ ብሎ ጓንቱን አወለቀ። ጣቶቹ ቀልተው ነጭ ቅርፊት ይዘዋል።

«ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። አይተላለፍም፤ ግን ለደንበኛ ማን ያስረዳልኛል? አንዱ እጄን ሲያይ ግማሽ ጢሙን ይዞ ሮጧል።»

አነጋገሩ ቢያስቃትም አንጀቷን በላው። የራሷንም ጓንት አውልቃ ጣቶቹን አገላብጣ አየች።

«ሰውነታችን ውስጥ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች አሉ። ጀርም ሲገባ ‹ድረሱ!› ብለው ይጣራሉ። የእርስዎዎቹ ግን ጠላት በሌለበትም ይጮኻሉ፤ ቆዳዎ የተቆጣው በዚህ ነው። ድድ ሲታመምም የሚጮኹት እነሱው ናቸው። አንዱ ጋ የተነሳው ጩኸት ሌላውንም ሊያባብስ ይችላል።»

«ሰፈር የሚያምሱ ወሬኞች በሉኛ!»

«ልክ ነው! ጨርሶ ዝም ባናሰኛቸውም ድምፃቸውን እናስቀንሳቸዋለን።»

ወደ ቆዳ ሐኪም ላከችው፤ ለድዱም በየሳምንቱ ቀጠረችው። በሦስተኛው ቀጠሮ «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ ነበር። ድዱ መድማቱን ሲያቆም ከሱ ይልቅ እሷ ተደሰተች። እሱ ደግሞ ሳያመው መምጣት እንዴት እንደሚቻል ያሰላስል ጀመር።

በአራተኛው ቀጠሮ ግን ፊቷ ኮስተር አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሐኪምህ እኔ አይደለሁም። ባልደረባዬ ይከታተልሃል።»

ምክንያቱን ሳትናገር ፊቱ ያበጠ ሕመምተኛ መጣና በጥድፊያ ተጠራች። ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

እሱ ቅስሙ ተሰብሮ ወጥቷል። «እጄ አስጠልቷት ነው» ብሎ ደመደመ። በቀጣዩ ቀጠሮም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ። እህቱ ብትቆጣ፣ ብትለማመጥ፣ ወይ ፍንክች!

ባልደረባዋ «ሰውየው እኮ ጠፋ» ሲላት፣ ሐኪሟ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፀጉር ቤቱ ከተፍ አለች። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዶክተር፣ እኛ የወንድ ፀጉር ብቻ ነው የምናስተካክለው» አለ፣ ምላጩን እንደያዘ።

«ለፀጉር አልመጣሁም። ለምን ጠፋህ?»

«አባረርሽኝ አይደል?»

«እኔ?» ደነገጠች። ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ሐኪም የምታክመውን ሰው... ሻይ እንጠጣ ማለት አይፈቀድላትም። ላስተላልፍህ የፈለግኩት ለዚህ ነበር። ሳልጨርስልህ ሄድክ።»

ምላጩ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ወንበሩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ አገጫቸው በአረፋ እንደተሸፈነ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አሁንም ካልገባህ ምላጩን ወዲህ በል! እኔ ራሴን እላጫለሁ፣ አንተ ሂድ!»

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። ሽማግሌውን ላጭቶ፣ የቀሩትን ይቅርታ ጠይቆ ተከትሏት ወጣ። መንገድ ላይ እጁን ልትይዝ ስትል ሸሸት አደረገው።

«ዛሬ ብሶበታል።»

«ያምሃል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው ቀስ አድርጌ ነው የምይዘው።»

በዓመቱ ተጋቡ። ሶሪያሲሱ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይነሳበታል። በተነሳበት ጠዋት ቅባቱን የምትቀባው እሷ ናት፤ ያን ቀን ታዲያ ፀጉር ቤቱም ክሊኒኩም አርፍደው ይከፈታሉ።