ከኋላ ያለችው ሴትዮ ትውረድ

ሰው ሲቀና ዓይኑ ይታወራል ያላችሁ ማነው?

እስቲ ንገሩኝ! እኔ በዕድሜዬ አጥርቼ ያየሁት የቀናሁ ቀን ነው።

ይህ ተረት አይደለም። ያላመነ ከቻናሉ መውጣት ይችላል። ዘርቃ ከተማ ውስጥ፣ ዓርብ ከቀትር ጸሎት በኋላ፣ አስፋልት በሚያቀልጥ ፀሐይ ነው የሆነው። ጨለማ አልነበረም። ጥላ እንኳ አልነበረም...

የአጎቴ ልጅ ሰኽር ደወለልኝ።

"መምህሩ! ና እስቲ። መኪና ልገዛ ነው፤ የተማረ ዓይን ይየው።"

የተማረ ዓይን ፈልጎ አይደለም። እንድቀና ነው የጠራኝ።

ቀናሁም።

ጥቁር የጀርመን መኪና ነው። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ የጉድጓድ ውሃ ይመስል የሚያብለጨልጭ። ወንበሩ ቡናማ ቆዳ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬ የምነዳው በሩ በገመድ የታሰረ አሮጌ ነገር ነው። ሰኽር ደግሞ ፈተና ያለፈው የእኔን ወረቀት እያየ ነው። ታዲያ ይህ መኪና ለእሱ ይገባዋል?

ስለዚህ እንከን መፈለግ ጀመርኩ። የወደደ ገዢ ቀለም ያያል፤ የቀና ዘመድ ግን ብሎን ያያል።

መጀመሪያ ያየሁት ሻጩን ነው። ብቻውን የሚኖር ቀጭን ሰው። ቁልፉን በእጃችን አልሰጠንም። ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ ሸሸ።

"ለምን ትሸጠዋለህ?" አልኩት።

"ጠበበኝ።"

"ይህን የሚያህል መኪና? ለአንድ ሰው?"

መሬት መሬቱን እያየ አንድ እርምጃ ደግሞ ሸሸ...

እዚያው አጠገብ ወዳለ መመርመሪያ ጋራዥ ነዳነው። እኛ ዘንድ የመርማሪ ቃል የዳኛ ቃል ነው። የሻንሲውን አራት ማዕዘን አንኳኩቶ አራቱንም "ጥሩ" ካለ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል።

መርማሪው አቡ ሉአይ ይባላል። ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ የሚሳደብ ሰው ነው። መኪናውን ማንሻው ላይ አስቆመና ጮኸ፦

"ከኋላ ያለችው ሴትዮ ትውረድ! ሰው ተቀምጦበት አላነሳም!"

ከሰኽር ጋር ተያየን።

"የምን ሴትዮ?" አለ ሰኽር እየሳቀ። "ወይስ ከመኪናው ጋር ምራቂ ናት?"

አቡ ሉአይ አልሳቀም። መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየ...

ረጅም ጊዜ አየ።

ሲጋራው ከአፉ ወደቀ። አላነሳውም።

"ፀሐዩ ነው" አለ።

ከዚያ መኪናውን አነሳና ማንኳኳት ጀመረ። ቀና ብሎ አላየም።

"ጥሩ!... ጥሩ!... ጥሩ!... ጥሩ!"

ሰኽር እልል ሊል ምንም አልቀረው። እኔ አቡ ሉአይን ወደ ጥግ ሳብኩት።

"ምን አየህ?"

"ምንም።"

"ሴትዮ ብለሃል እኮ!"

"ጌታው፣ እኔ የምመረምረው ብረት ነው" አለ በሹክሹክታ። "ብረቱ ጥሩ ነው። ሂድልኝ።"

ከመግዛቱ በፊት መንገድ ላይ ልንሞክረው ወጣን። ሰኽር መሪ ያዘ፤ እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ።

"ሞተሩን ስማው!" አለኝ። "ድምፅ አለው? የለውም! ከኋላ ምስኬ ትቀመጣለች። በዚህ ነው ትምህርት ቤት የማደርሳት። እንደ ልዕልት!"

ምስክ አንድ ልጁ ናት። አምስት ዓመቷ።

ገና ዋናው መንገድ ሳንደርስ መኪናው መጮህ ጀመረ።

ጢን... ጢን... ጢን...

ክሩስኮቱ ላይ ቀይ መብራት በራ። የኋላ ተሳፋሪ ቀበቶ አላሰረም ይላል።

ዞር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

"ሴንሰሩ ነው" አለ ሰኽር። "ርካሽ ነገር ነው። ደስ እንዳይልህ!"

እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ቀበቶውን ባዶው ወንበር ላይ አሰርኩት። ጩኸቱ ቆመ።

ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ ወንበሩ እንደ ክረምት ድንጋይ ይቀዘቅዛል...

ትንሽ ሄድን።

ቀጭ!

ቀበቶው ራሱን ፈታ።

ጢን... ጢን...

እንደገና ዞርኩ። ቆዳው መሐል ላይ ጎድጉዷል። ሰው ሲቀመጥ እንደሚጎደጉደው። እያየሁት ጉድጓዱ በቀስታ ወደ ሰኽር ጀርባ ተንሸራተተ።

"አቁም!" አልኩ። "ሰኽር፣ አቁመው!"

አቆመ። ወርጄ አንገቱን ይዤ አወረድኩት ማለት ይቻላል።

"ይህን መኪና አትግዛ። ልጅህን በዚህ አታስቀምጥ። ውስጡ ሰው አለ!"

አየኝ። ከዚያ በቀስታ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም።

"መቼም መምህር ነህና ዘዴ አታጣም" አለ። "ብረቱ ላይ እንከን ስታጣ ጂን ፈጠርክበት? በለው! በዓይንህ ልትበላው ነው?"

"ቀንቻለሁ! አዎ፣ ቀንቻለሁ! ግን ያየሁትን አይቻለሁ!"

"ቀናተኛ የሚያየው አያልቅበትም።"

ገዛው።

ይኸው ነው የወገኖቼ በሽታ! ዘመድ "ተጠንቀቅ" ሲል ሰው መኪናውን አይፈትሽም፤ ዘመዱን ነው የሚፈትሸው። ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ ሰማያዊ ዶቃ መስታወቱ ላይ ሰቀሉ። በግም ሊያርዱ ደገሱ። በጉ የታረደው ለማን ዓይን መሰላችሁ? ለእኔ!

ሚስቴ ሩባ ናት ለምና ይዛኝ የሄደችው።

"ከቀረህ የሰው መነጋገሪያ ሆነን መቅረታችን ነው" አለችኝ። "ብላና ዝም በል።"

ግቢው በሰው ሞልቷል። መንሰፉ በትልቅ ትሪ ቀርቧል፤ ሩዙ፣ ሥጋው፣ የሚጨሰው እርጎ። ሰኽር መዳፉን የበጉ ደም ውስጥ ነክሮ ኮፈኑ ላይ ጧ አድርጎ አተመ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፦

"ለቀናተኛ ይህን!"

ሁሉም ሳቀ። አጎቴ ሳይቀር ሳቀ።

እኔ ግን የማየው የኋላውን ወንበር ነበር።

ምስክ ገብታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተበትኖ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ያ ሁሉ ወንበር እያለ በሩ ላይ ተለጥፋለች።

በሩን ከፈትኩት።

"ምስክ፣ ለምን ጥግ ያዝሽ?"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ በል አጎቴ..." አለች በሹክሹክታ። "ተኝታለች።"

"ማን?"

ወደ ባዶው ቦታ አየች። ከዚያ ወደ እኔ።

"አሁን ነቃች።"

አፈፍ አድርጌ አወጣኋት። እናቷ ኑሃ እየጮኸች መጣች።

"ዓይንህን ከልጄ ላይ አንሳ! መኪናው አልበቃህም? ልጄንም ልትበላ ነው?"

"ኑሃ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቢያንስ እሷን አታስገቢያት!"

"ሰኽር! ይህን ሰውዬ አስወጣልኝ!"

አስወጣኝ። ወንድሞቹ ክንዴን ይዘው ከግቢው አስወጡኝ። አጎቴ፣ አባቴን የሚተካው ሰው፣ ፊቱን አዞረ።

መንገዱ ዳር ቆሜ ስቀር የደስታ ጉዞ ጀመሩ። ክላክስ በክላክስ ሆነ። ጥቁሩ መኪና ከፊት ነው። ሰኽር መሪ ይዟል፣ ኑሃ ጋቢና ሆና ታጨበጭባለች።

አጠገቤ ሲደርሱ ሆን ብሎ ቀስ አለ። እንዳየው ነው። እንድቃጠል።

አየሁ።

ምስክ ከኋላ ብቻዋን ናት። ዓይኗን ጨፍናለች። እናት ስታበጥራት እንደምታደርግ ልጅ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች...

ፀጉሯ በአየር ላይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ቆሟል።

አንዱ ዘለላ በሌላው ላይ ያልፋል። ሌላው ደግሞ በዚያኛው ላይ። ቀስ ብሎ። በጥንቃቄ። እስከ ጫፉ ድረስ...

መኪናው ታጥፎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሱም። አዎ፣ ዛሬም እቀናለሁ! ያ መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ አንጀቴ ይቃጠላል፤ አልዋሽም። ግን ቅናቴ መልስ አይሆንልህም፣ ሰኽር። ይህን ቻናል እንደምታነብ አውቃለሁ። ለጓደኞችህ በሹክሹክታ "ቀናተኛ ነው" እያልክ አትለፈኝ። እዚሁ፣ በስምህ፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስልኝ፦

ያን ቀን ማታ ምስክ ከመኪናው ስትወርድ፣ ፀጉሯን የጎነጎነላት ማነው?