ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዘው

ይሄ ተረት አይደለም። የሆነ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ዘጌ ጫካ ውስጥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።

እኔ አለበል ነኝ፤ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው በጀልባ አመላልሳለሁ። የዚያን ቀን ያሳፈርሁት ግሩም የሚባል የኮሌጅ መምህር ነው። እባብ ሊያጠና ነው አመጣጡ። ገና ሲሳፈር አስጠላኝ። ወንበሬን በመሐረብ ጠርጎ ጠርጎ ነው የተቀመጠ።

መንገድ የሚያሳዩንን አባ ገብረ ክርስቶስን "አንተ ሽማግሌ" አላቸው። አያቱ ይሆናሉ እኮ። ባለጌ።

ጫካው ውስጥ ካለው ቡና መሃል ስንደርስ አባ ቀጥ አሉ።

ቅጠል አይነቃነቅም። ወፍ የለም። አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ብቻ... ወዲህ፣ ወዲያ።

"እንዳትነካት" አሉ በሹክሹክታ።

ግሩም ሳቀ። "የዛፍ እባብ ነው። ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፍ ለመምሰል አብሮ ይወዛወዛል። እስስት ሊይዝ አድብቶ ነው።"

"ነፋሱ የታለ?" አልሁት።

"አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?"

እጁን ሰደደ... አውራ ጣቱን ነከሰው።

"የመርዝ ጥርሱ ከኋላ ነው፤ ሰው አይገድልም" አለ ጣቱን እየመጠጠ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። "መርዙ ዘግይቶ ነው የሚነሣ። አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሰው፣ ልጄ።"

"ፎቶዬን ሳልጨርስ አልሄድም" አለ ግሩም።

ጎትቼ ልወስደው እችል ነበር። ልቤ ግን "ይበለው" አለ። ዛፍ ሥር ጋደም አልሁ። እስከ አሥር ሰዓት።

ስንመለስ ድዱ ይደማል። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሞተሩን ያለ የሌለ ኃይሉን አስወጣሁት።

ሐይቁ እንደ ሳህን ውኃ ረግቷል። ግሩም ግን ወንበሩ ላይ... ወዲህ፣ ወዲያ።

"መምህር፣ ምን ሆንህ?"

"ነፋሱ..." አለ። "አይሰማህም?"

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ" አለ። እነዚያን አራት ሰዓታት የምናውቃቸው እኔና አባ ብቻ ነን። እሱን ስንቀው ቆይቼ፣ አሁን የምንቀው ራሴን ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጀልባዬ ወረድሁ። ነፋስ የለም። የጎረቤት ጀልባዎች ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ከጀልባዬ ጣሪያ፣ ልክ ግሩም ከተቀመጠበት ወንበር በላይ፣ ቀጭን ገመድ ተንጠልጥሏል... ወዲህ፣ ወዲያ።

እኔ ጀልባዬን የማስር በሰንሰለት ነው።