ሥሯን ያልሸሸገች አበባ

ወይዘሮ ሸጋ ሰውየውን መጀመሪያ ያየችው እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ሻአሪያ ሰፈር፣ የምትኖርበት ሕንጻ ደረጃ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ በእግሩ ይወጣል። በእጁ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት አበባ አንጠልጥሏል። አፈር የለ፣ ማስቀመጫ የለ! ረጃጅም ሥሮቿ እርቃናቸውን ይወዛወዛሉ።

«ምነው ወንድሜ፣ እንዲህ ነቅለው የሚያንከራትቷት?» አለችው ሳታስበው።

ሰውየው ሳቀ። ፈለቀ ይባላል። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ነው።

«አልነቀልኳትም እህቴ። ቫንዳ የምትባል ኦርኪድ ናት። አገሯ የሕንድ ደን ነው፤ ዛፍ ላይ ተጣብቃ ከአየር ነው የምትጠጣው። ድሮ ፈረንጆች እሷን ፍለጋ ስንቱን ዛፍ ገነደሱት አሉ...»

«ምስኪን!» አለች ሸጋ። ለአበባዋ ይሁን ለሰውየው፣ እሷም አላወቀችው።

በሳምንቱ ይዟት መጣ። «ለእርስዎ ትሁን። ጠዋት ጠዋት ሥሯን ውኃ ነክረው መስኮቱ ላይ ይስቀሏት። አፈር ግን እንዳያስነኳት፤ ትታፈናለች።»

«በሰደር፣ እሺ» አለች እያፈረች።

ሸጋ ቤት ሰው ከመጣ ቆይቷል። ከጽዳት ሥራዋ ስትመለስ የሚቀበላት የፍሪጁ ድምፅ ነው። ልጇ ኤሊራን ስትደውልለት «ኢማ፣ አኒ ባአቮዳ» ይላትና ይዘጋል፤ በዕብራይስጥ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነው። አሁን ግን ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ በሯን የሚያንኳኳ ሰው አገኘች። «ቫንዳ እንዴት ሰነበተች?» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። አንቱታውም ሳይታወቃቸው ቀረ። ሸጋ ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ስትጠብቅ ትውላለች።

ክረምት ሲገባ አንጀቷ አልቻለም። ያ ሁሉ ሥር ብርድ ላይ! የጎንደር ገበሬ ልጅ ናት፤ የተራቆተ ሥር ማየት አልሆነላትም። ባልዲ አፈር ሞልታ ቀበረቻት። ብዙም አልቆየ፣ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ።

ዓርብ ፈለቀ አንኳኳ። ሸጋ ከበሩ ጀርባ ትንፋሿን ዋጠች። አምኖ የሰጠኝን ገደልኩ፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አለች በልቧ። በሚቀጥለውም ዓርብ አልከፈተችም። ከዚያ ማንኳኳቱ ቀረ። ቤቱ እንደገና ጭር አለ፤ ያሁኑ ግን ከቀድሞው ይከብድ ነበር።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሻንጣ ይዞ አገኘችው።

«ልትሄድ ነው?»

«ቂርያት ጋት፣ ልጄ ኦሻራት ዘንድ። ወልዳ ትጠብቀኛለች። እዚህስ ማን አለኝ? በር አንኳኩቼ አየሁት...»

ሸጋ እንባዋ መጣ። እጁን ይዛ አስገብታ ባልዲውን አሳየችው። ፈለቀ ተንበርክኮ አፈሩን አራገፈ፤ የበሰበሰውን በመቀስ ቆረጠ።

«ለዚህ ነው ያልከፈትሽልኝ? እኔ እኮ ጠላችኝ ብዬ...!»

«እኔ? አንተን?»

«አንዲት ሥር ደህና ናት» አለ ፈለቀ ሥሯን እያገላበጠ፣ «ትበቃታለች።»

ለልጁ ቃል ገብቷልና ሄደ። ግን በየጠዋቱ ይደውላል።

«ነከርሻት?»

«ነከርኳት።»

ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ያው ጭርታ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። አንድ ጠዋት ሸጋ ራሷ ደወለች።

«ፈለቀ... እንቡጥ አወጣች!»



ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ በሩ ተንኳኳ። ሁለተኛ ሳያንኳኳ ከፈተችው። ያችኑ ሻንጣ ይዟል።

«አበባዋን ላያት ነው የመጣሁት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እሷን ብቻ?»

«ኧረ... እሷን ብቻስ አይደለም።»

ሸጋ ሻንጣውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባችው።