መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ

እኔ «ተረት ተረት» ስላችሁ፣ እናንተ «የጫጩት ቤት» በሉኝ። ጎሽ!

ብርዱ አይጣል በሚባልበት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ወለላ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ወለላ አሥራ ሁለት እንቁላሎች ነበሯት። አባቷ በሠራው ሳጥን ውስጥ አንዲት አምፖል ታሞቃቸዋለች።

«አባዬ፣ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?»

«ሃያ አንድ ቀን ሲሞላቸው፣ የኔ ማር። እስከዚያ ግን ብርድ እንዳይነካቸው።»

ወለላ በየቀኑ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ትለጥፍ ነበር። ሃያ አንደኛው ቀን የበዓል ዋዜማ ላይ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ሊጋግር የኤሌክትሪክ ምድጃውን አበራ። እዚህ ቤት ቀጭ! እዚያ ቤት ቀጭ!

ከዚያ... ድርግም!

«መብራት ሄደ» አለ አባቷ።

አምፖሏ ጠፋች። ወለላ ሮጣ ሳጥኑን በሹራቧ ሸፈነችው።

ጥቂት ቆይቶ፣ ቦግ! «መብራት መጣ!» አሉ የሰፈሩ ልጆች። ጮኸው ሳይጨርሱ፣ ድርግም! መብራት ሄደ።

ቦግ! መብራት መጣ። ድርግም! መብራት ሄደ።

«ይሄ መብራት ዕቃ ረስቶ ነው እንዴ የሚመላለሰው?» አለች ወለላ ተናዳ።

አባቷ ሳቀ። ሳጥኑን ሲዳስሰው ግን ሳቁ ጠፋ። ሳጥኑ እየቀዘቀዘ ነበር።

የወለላ እናት የምትሠራው ለከተማው መብራት በሚያከፋፍለው ጣቢያ ነው። በዋዜማውም ሥራ ላይ ነበረች። አባቷ ስልክ ደወለላት።

«እማዬ፣ ጫጩቶቼን በረዳቸው። መብራቱ ለምን አይቆይም?»

«እኔማ እየላክሁላችሁ ነው፣ ወለላዬ። ግን ሰው ሁሉ ምድጃውን ሳያጠፋ ይጠብቃል። መብራቱ ሲመጣ ሁላችሁም በአንዴ ስትጎትቱት መስመሩ አይችልም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምድጃው ይጥፋ። መብራት ሲመጣ ቀስ በቀስ፣ ተራ በተራ ይብራ። ለጎረቤቶቻችን ትነግሪልኛለሽ?»

ወለላ የአባቷን እጅ ይዛ ወጣች። ኳ! ኳ!

«እትዬ ዝናሽ፣ ምድጃዎን ያጥፉልን። ቀስ በቀስ፣ ተራ በተራ!»

«ሊጤ ኩፍ ብሎ ሊፈስብኝ እኮ ነው» አሉ እትዬ ዝናሽ። የወለላን ዓይን ሲያዩ ግን አንጀታቸው አልቻለም። ቀጭ! አጠፉት።

ኳ! ኳ!

«ጋሽ ሽመልስ፣ ቀስ በቀስ፣ ተራ በተራ!»

«ዝናሽ ሳታጠፋ እኔ ብቻ ላጥፋ?»

«እሳቸውማ አጠፉ።»

«እንግዲያው እኔም አላንስም።» ቀጭ!

ኳ! ኳ! ቀጭ! ኳ! ኳ! ቀጭ! እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ።

አባቷ ደወለ። «ሰፈራችን አጥፍቷል» አላት እናቷን።

ቦግ!

አሁን ማንም አልጮኸም። ወለላ እስከ አሥር ቆጠረች። እስከ ሃያ ቆጠረች። መብራቱ የትም አልሄደም።

መጀመሪያ እትዬ ዝናሽ ምድጃቸውን አበሩ፤ ሊጡ አስቸግሯቸዋላ። ቀጥሎ ጋሽ ሽመልስ። ቀስ በቀስ፣ ተራ በተራ።

ወለላ ወደ ቤት ሮጠች። ሳጥኑ ሞቋል። እንቁላሎቹ ግን ዝም ብለዋል። ወለላ ፈራች።

አመሻሽ ላይ እናቷ ከሥራ መጣች። ሌላ ቀን መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ «ዛሬስ ምን አደረግናችሁ?» እያለ ያሳቅቃት ነበር።

ዛሬ ግን እትዬ ዝናሽ ትኩስ ዳቦ ይዘው በሯ ላይ ጠበቋት። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። እኛ በዓል ስናሰናዳ አንቺ ስትለፊልን ዋልሽ» አሏት።

እናቷ ዳቦውን ተቀብላ ልታመሰግን ስትል እንባዋ ቀደማት።

ቤት ገብታ ከወለላ ጋር ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አለች። ጠበቁ፣ ጠበቁ።

ቅጭ... ቅጭ... አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ። እርጥብ ጫጩት እየተንገዳገደ ወጣ። ጭው!

«አየሽ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች እናቷ።

ጭው! ጭው! ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛውም ተከተለ።

«እማዬ፣ ስላሞቅሽልኝ አመሰግናለሁ» አለች ወለላ። መልስ የለም። ዞር ብላ ስታይ እናቷ ግድግዳውን እንደተደገፈች እንቅልፍ ወስዷታል።

ወለላ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። በእግሯ ጣቶች ቆማ የቤቱን መብራት አጠፋች። የጫጩቶቹ አምፖል ብቻ በራች።

«ጭጭ በሉ» አለቻቸው ጫጩቶቹን በሹክሹክታ። «እማዬ ተኝታለች።»